በሰው ባጅ የሚገባ መልእክተኛ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የጠረጴዛ ስልኬ ጠራ። ከሒሳብ ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ እጅህ ላይ ያለውን አስቀምጥና እስቲ ብቅ በል» አሉኝ። ማተሚያው ወረቀት ጎርሶባቸው ይሆናል ብዬ እየተዝናናሁ ሄድኩ።

ስደርስ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ግድግዳው አዙረውታል። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና፣ «ይሄ የኔ ነው?» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው የወሩ ደመወዝ ዝርዝር ነው፤ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የኃላፊነት አበል፣ የቤት አበል፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ ክፍያ። ከላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የእትዬን ስም ጽፏል። ከታች ያለው ገንዘብ ግን የሥራ አስኪያጁ ነው።

«እኔ ምንም አልነካሁም» አሉ። «ገባሁ፣ ደመወዝ የሚለውን ተጫንኩ፣ ይሄን አመጣልኝ።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለመሆኑ የኃላፊነት አበል ይሄን ያህል ነው እንዴ?»

አልነካሁም ማለታቸው እውነት ነው። የነካሁት እኔ ነኝ፤ ከአንድ ቀን በፊት፣ ጥቂት መስመር ኮድ።

መሥሪያ ቤቱ፣ ስሙ ይቅርና፣ ለእረፍት አንድ፣ ለደመወዝ አንድ፣ ለደብዳቤ አንድ፣ ለንብረት አንድ ሲስተም ነበረው። እያንዳንዱ የራሱ ፓስወርድ ስላለው ሠራተኛው ፓስወርዶቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከኪቦርዱ ሥር ይሸጉጥ ነበር። ኋላ ሲንግል ሳይን-ኦን የሚባለው አሠራር መጣ፤ ጠዋት አንዴ ስምና ፓስወርድ ካስገቡ ቀኑን ሙሉ የትም ቢዞሩ የሚጠይቅ የለም። የእኔ ሥራ ከዚያ ላይ ፖርታል መሥራት ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉንም ነገሩን አንድ ገጽ ላይ የሚያይበት። ፖርታሉ በራሱ ስለ ደመወዝ የሚያውቀው ነገር የለውም። ከጀርባ ሄዶ የደመወዙን ሲስተም መጠየቅ አለበት። ያ ሲስተም ሰው በብሮውዘር ሲከፍተው ገጽ ያሳያል፤ ፕሮግራም ሲጠይቀው ደግሞ ዌብ ሰርቪስ በሚባለው በር በኩል ቁጥሮቹን ብቻ በኤክስኤምኤል ጠቅልሎ ይሰጣል። የሚጠይቀው ፕሮግራም በሙያው ቋንቋ ክላይንት ይባላል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ስህተት ይዞ ተመለሰ። የጠበቅኩት ኤክስኤምኤል ነው፣ የመጣው ኤችቲኤምኤል ነው ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የደመወዙን ሲስተም የሠሩትን ሰዎች ሳማ ቆየሁ። በመጨረሻ የመጣውን ምላሽ እንዳለ ፋይል ላይ አስቀምጬ በብሮውዘር ስከፍተው የመሥሪያ ቤቱ አርማ፣ ሁለት ባዶ ሣጥኖችና «ስምና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መግቢያው ገጽ ነው! ፕሮግራሜ ደመወዝ ጠይቆ የመግቢያ ቅጽ ተሰጥቶታል፤ ቅጹን ደመወዝ መስሎት መስመር በመስመር ሊያነበው ሲታገል ነው የወደቀው።

የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን በር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጥበቃው መታወቂያህን ይቀበልና መዝገቡ ላይ ጽፎ ቁጥር ያለው የእንግዳ ባጅ ይሰጥሃል። ባጁ ላይ ስምህ የለም፤ 14 ይላል እንበል። ውስጥ ስትዘዋወር ማንም ማን እንደሆንክ ዳግም አይጠይቅህም፣ ደረትህ ላይ ያለውን 14 ያያል። 14 ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከበሩ መዝገብ ነው። ኩኪ ማለት ያ ባጅ ነው። ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሐረግ ይሰጠዋል፤ ብሮውዘሩም ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሰርቨር በሄደ ቁጥር ሐረጉን ያሳያል።

ይህ ያስፈለገው ድር የሚነጋገርበት ኤችቲቲፒ ሲሠራ እንዲረሳ ሆኖ ስለተሠራ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ይመጣል፣ ይመለስለታል፣ ይረሳል። ለሰነድ ማንበቢያ ይህ ይበቃ ነበር፤ ለመግዛትና ለመሸጥ ግን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1994 አጋማሽ ላይ፣ ኋላ ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሉ ሞንቱሊ ይህን የመርሳት ነገር የሚፈታ ዘዴ ፈለገ። ደንበኛቸው የነበረው ኤምሲአይ የተባለ የስልክ ኩባንያ ገዢው ጀምሮ ያልጨረሰውን ግዢ በራሱ ሰርቨሮች ላይ ይዞ መቆየት አልፈለገም። እንግዲያው ገዢው ራሱ ይዞት ይዙር ተባለ። ሞንቱሊ ስሙን የወሰደው የዩኒክስ ፕሮግራመሮች «ማጂክ ኩኪ» ከሚሉት ነገር ነው፤ ተቀባዩ ሳይከፍተው ይዞት ሄዶ እንዳለ የሚመልሰው ጥቅል ማለት ነው። ብስኩቱን ከዚያ ወዲያ መፈለግ አያስፈልግም።

ኩኪ ለሞንቱሊ እንዲህ ጥሩ ሆኖ የሠራው ብሮውዘሩ ዝም ብሎ ስለሚሸከመው ነው። ሰውዬው አያየውም፣ ብሮውዘሩም ልላከው ብሎ አይጠይቀውም። ይህ ግን የብሮውዘር ጠባይ ነው። ፕሮግራመር የሚጽፈው ክላይንት ባዶ ደረቱን ነው የሚሄደው። ጃክስ-ደብልዩኤስ በሚባለው የጃቫ የዌብ ሰርቪስ መሣሪያ ክላይንቱ ሴሽን፣ ማለት የጀመረውን ቆይታ፣ እንዲይዝ ካልታዘዘ የተሰጠውን ኩኪ አይዝም። በማይክሮሶፍት ዶትኔት የነበረው የድሮ የዌብ ሰርቪስ (ሶፕ) ክላይንትም የኩኪ ማስቀመጫ ይዞ አይመጣም፤ ፈጥረህ ትሰጠዋለህ። እናም ክላይንቱ በሩ ላይ ይደርሳል፣ ጥበቃው ባጅ ይፈልግበታል፣ ያጣል። ጥበቃው ደግሞ አይጮህም። በጨዋነት 302 በሚለው ቁጥር «ወደ መግቢያው ሂድ» ይለዋል። ታዛዡ ክላይንት ይሄዳል፣ የመግቢያው ገጽ ይሰጠዋል፣ ከገጹም ጋር 200 የሚል ቁጥር አብሮ ይመጣል። 200 ማለት ሁሉ ሰላም ነው። መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የሚባለው ሁልጊዜ መስመር ተቆርጦ አይደለም፤ ሲስተሙ አለ፣ ሰርቨሩ በርቷል፣ አንዱ ፕሮግራም ሌላው ደጃፍ ባጅ አጥቶ ቆሟል።

እኔም መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። ሠራተኛው ወደ ፖርታሉ ሲመጣ ብሮውዘሩ የሲንግል ሳይን-ኦኑን ኩኪ ይዞ ነው የሚመጣው። ኩኪውን ከመጣው ጥያቄ ላይ ወስጄ፣ ወደ ደመወዙ ሲስተም የሚሄደው ጥያቄ ላይ ብሰካው ጥበቃው ሠራተኛው ራሱ የመጣ ይመስለዋል። ለክላይንቱ የኩኪ ማስቀመጫ ፈጠርኩ፤ ማስቀመጫው ባዶ ከሆነ የሠራተኛውን ኩኪ ጨምር አልኩት። ሞከርኩት፤ ደመወዜ ፍንትው ብሎ ወጣ። ደገምኩት፤ ወጣ። ቡና አዘዝኩ።

የሞከርኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ክላይንቱን የፈጠርኩት ፖርታሉ ሲነሣ አንዴ ሲሆን ሁሉም ሠራተኛ የሚጋራው እሱኑ ነው። ማስቀመጫውም አንድ ነው። በማግሥቱ ሰርቨሩ እንደገና ተነሣ፤ ሥራ አስኪያጁ ማልደው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገቡና ደመወዛቸውን አዩ። ኩኪያቸው ማስቀመጫው ውስጥ ተኛ። ማስቀመጫው ከእንግዲህ ባዶ ስላልሆነ ከዚያ በኋላ «ደመወዝ» የተጫነ ሁሉ በእሳቸው ባጅ ገባ። ኋላ ሎጉን፣ የገባ የወጣውን መዝገብ፣ ሳይ ከእትዬ በፊት ሌሎችም ገጹን ከፍተውት ነበር። የደወሉት ግን እትዬ ብቻ ናቸው።

ያን ቀን የተማርኩትን ብዙ ፕሮግራመር በየፊናው ተምሮታል። ብሮውዘር የአንድ ሰው ነው፤ ሰርቨር ላይ የሚኖር ክላይንት ግን የሁሉም ነው። ለአንዱ የሚበጀው ማስቀመጫ ለሌላው ወጥመድ ይሆናል። ማስቀመጫውን አውጥቼ ጣልኩና በእያንዳንዱ ጥያቄ የመጪውን ሰው ኩኪ ብቻ በእጅ የሚያያይዝ አድርጌ ጻፍኩት፤ ሰውየው ሲመለስ ምንም አይቀርም።

እንዲህም ሆኖ ፖርታሉ አልተረጋጋም። አንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዙን ያያል፣ አንዳንዱ መግቢያው ገጽ ላይ ይወድቃል፤ የወደቀው ሁሌም ይወድቃል፣ ያለፈው ሁሌም ያልፋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ወሬ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሲስተሙ ሰው ይመርጣል ተባለ፤ በመምሪያ ነው ያሉ አሉ፣ በደረጃ ነው ያሉም አሉ። ሁለቱን ዓይነት ኩኪ ጎን ለጎን ወረቀት ላይ አትሜ በእስክሪብቶ ፊደል በፊደል ስከተል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ላይ ታየኝ። የማያልፉት ሰዎች ኩኪ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት አለው፤ ከፖርታሉ ወጥቶ ወደ ደመወዙ ሲሄድ ግን ምልክቱ የለም።

የእነዚህ ኩኪዎች ይዘት ብዙ ጊዜ ቤዝ-64 በሚባል አጻጻፍ ይጻፋል። አጻጻፉ ርዝመቱ አልገጥም ሲለው መጨረሻው ላይ አንድ ወይም ሁለት የእኩል ምልክት ይሞላል። ኩኪው ውስጥ የሰውየው ስም ታሽጎ ስለሚገባ ርዝመቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱ ይገጥማል፣ የሌላው ይሞላል። የዚያን ጊዜው ቶምካት፣ የ6 ትውልድ የጃቫ ሰርቨር፣ በኩኪ ይዘት ውስጥ የእኩል ምልክት ሲያገኝ ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎት ቀሪውን ይቆርጣል። ስለዚህ ሲስተሙ በእርግጥም ሰው ይመርጥ ነበር፤ የሚመርጠው ግን በስም ርዝመት ነው። ለሰዎቹ ይህን ብነግራቸው ማን ያምነኛል? ቶምካት የእኩል ምልክትን እንዲፈቅድ የሚያደርግ ቅንብር ነበረው። እኔ ግን ሌላውን መንገድ መረጥኩ፤ የመጣውን የኩኪ ሄደር ሳልፈታውና ሳልተረጉመው እንደ ታሸገ ፖስታ ማሳለፍ። የመደመር ምልክትን ወደ ባዶ ቦታ የሚለውጥ ሌላ በሽታም ስላለ ይኼኛው ይሻላል። ሞንቱሊስ ተቀባዩ አይክፈተው አልነበር ያለው?

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ኩኪ የሚላከው በተሰጠበት የድር ስም ሥር ላሉ ብቻ ነው፤ ደመወዙ ከፖርታሉ ጋር አንድ የወላጅ ስም ባይጋራ ኖሮ ብሮውዘሩ ራሱ አንዱን ኩኪ ለሁለቱም አያሳይም ነበር። በተመሰጠረ መስመር ብቻ ይላክ የሚል ምልክት ያለው ኩኪ ላልተመሰጠረ አድራሻ ሲሰካ ደግሞ ኮዱ ዝም ይላል፣ ጥፋቱን የምታውቀው አንተ ነህ። ከምሳ በኋላ ደግሞ የብዙ ሰው ኩኪ ጊዜው ያልፍበታል፤ ፖርታሉ ገና ውስጥ ነህ ይላል፣ ደመወዙ አላውቅህም ይላል።

በዚያ ዘመን በድርጅቶች ውስጥ የሚዞሩት ኩኪዎች የየራሳቸው ስም ነበራቸው። የሳይትማይንደሩ ኤስኤምሴሽን፣ የአይቢኤሙ ኤልቲፒኤቶከን ይባላል። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ከሰን ማይክሮሲስተምስ የወረደው አይፕላኔትዳይሬክተሪፕሮ ነው። አይፕላኔት ሰንና ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመሩት ሽርክና የተጠቀሙበት የንግድ ስም ነው። ሽርክናው ፈረሰ፣ ሶፍትዌሩም ኦፕንኤስኤስኦ ተባለ፣ ሰን በኦራክል ከተገዛ በኋላም ኦፕንኤኤም ተባለ፤ የኩኪው ስም ግን ከነልማዱ ቀረ። ኩኪን የፈጠረው ቤት ከፈረሰ በኋላም የቤቱ ስም ሽራፊ በሰው ሁሉ ብሮውዘር ውስጥ ሲዞር ኖሯል።

ፖርታሉ መሥራት ጀመረ። እትዬ የራሳቸውን ደመወዝ አዩ፤ «ያኛው ይሻል ነበር» አሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ፖርታሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሠራተኛው ሁሉ ኩኪ በእጄ ያልፋል። ያ ኩኪ የደመወዝ ማያ ብቻ አይደለም። በዚያው ኩኪ እረፍት ይፈቀዳል፣ ደብዳቤ ይፈረማል፣ ንብረት ይወጣል። የሥራ አስኪያጁን ኩኪ የያዘ ፕሮግራም ደመወዝ ጠይቅ ስላሉት ብቻ ነው ደመወዝ ጠይቆ የሚመለሰው፤ ሌላ ነገር እንዳያደርግ የሚከለክለው ግን ምንም የለም። በዚያው የድር ስም ሥር አንድ ተለማማጅ የሠራት፣ የካፌውን የምሳ ዝርዝር የምታሳይ ትንሽ ገጽ ነበረች። ብሮውዘሩ የሁሉንም ሰው ኩኪ ለእሷም ያሳያታል። የካፌዋን ገጽ የሰበረ ሰው ግምጃ ቤቱን ከፈተ ማለት ነው፤ ሽሮ በስንት ብር እንደሆነ ሊያይ የገባ ሁሉ ቁልፉን እዚያ ትቶ ይወጣል።

ኩኪ ለአምጪው የሚከፈል ቼክ ነው። ማን አመጣው አይባልም፣ ያመጣው ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚባል የፋየርፎክስ ተቀጥላ ይፋ ሲያደርግ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ ከታላላቆቹ ድረ ገጾች እንኳ ብዙዎቹ የሚመሰጥሩት የፓስወርዱን ገጽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኩኪው ራቁቱን በአየር ላይ ይሄዳል። ካፌ ውስጥ ክፍት ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ፋየርሺፕን ሲከፍት በዙሪያው ያሉት ሰዎች ስምና ፎቶ ይደረደርለታል፤ አንዱን ሁለቴ ሲጫን በዚያ ሰው ስም ገብቷል። ፓስወርድ አልሰበረም፣ ባጅ አነሣ እንጂ።

መስመሩ ተመስጥሮም ኩኪው ሌላ ቦታ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 መኸር ላይ ይህ የደረሰው ሥራው ራሱ ሲንግል ሳይን-ኦን በሆነው በኦክታ ነው። የኦክታ ደንበኞች ችግር ሲገጥማቸው ለድጋፍ ክፍሉ ሐር የሚባል ፋይል ይልካሉ፤ ብሮውዘሩ የላከውንና የተቀበለውን ሁሉ የመዘገበ ፋይል ነው፣ ኩኪዎቹንም ጨምሮ። አጥቂው በተሰረቀ መግቢያ ወደ ድጋፍ ክፍሉ ሲስተም ገብቶ እነዚያን ፋይሎች አነበበ። ኦክታ በኋላ እንዳስታወቀው የ134 ደንበኞች ፋይሎች ታይተዋል፤ የ5ቱ ሴሽን ተነጥቋል። ከ5ቱ መካከል የነበሩት ዋንፓስወርድ፣ ቢዮንድትረስትና ክላውድፍሌር በየራሳቸው በኩል ነቅተው ነበር። አንድ ባለሙያ «ችግሬን እዩልኝ» ብሎ የላከው ፋይል ውስጥ የቤቱ ቁልፍ አብሮ ሄዷል። እኔም የእኩል ምልክቱን ስፈልግ ኩኪዎቹን ወረቀት ላይ አትሜ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ምሳ ወጥቼ ነበር፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይሞቃል።

ታዲያ መልእክተኛ መላክ ነውር ነው? አይደለም፤ የሰው ልጅ ሲላላክ ኖሯል። ሕግም አበጅቶለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና የሚናገርበትን ክፍል ያነበበ ፕሮግራመር ብዙ አላየሁም፤ መነበብ ግን ነበረበት። ሕጉ ከአንቀጽ 2203 ጀምሮ ጠቅላላ ውክልናን ከልዩ ውክልና ይለያል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚያስችለው፤ ኪራይ መሰብሰብን፣ ንብረት መጠበቅን። ቤት ለመሸጥ ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል አንቀጽ 2205። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለ ቤቱን በወንድሙ በኩል ሊሸጥ የፈለገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኤምባሲ ሄዶ ወረቀቱ ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መስፈሩን ሦስቴ አንብቦ ነው የሚፈርመው። ወንድምየውም ውልና ማስረጃ ፊት ሲቀርብ እኔ እሱ ነኝ አይልም፤ «ስለ እሱ ሆኜ እኔ» ይላል። በወረቀቱ ላይ ሁለት ስም አለ።

ኩኪን አሳልፎ የላከ ፕሮግራም ግን ሁለት ስም የለውም። ወንድምየው የወንድሙን መታወቂያ ይዞ፣ የወንድሙን ኮት ለብሶ ገባ ማለት ነው። የደመወዙ ሲስተም ሎግ ላይ የሚጻፈው እትዬ ጠየቁ ተብሎ ነው። እትዬ ራሳቸው ይሁኑ፣ ፖርታሉ ይሁን፣ ባጃቸውን ያነሣ ሌላ ሰው ይሁን ከሎጉ ላይ አይለይም።

ይህን በጊዜ የተረዱት የየል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሾን ቤርን የተባለ የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራመር ሲኤኤስ የሚባለውን የሲንግል ሳይን-ኦን ሰርቨር ጻፈ። የእነሱም ጣጣ የኔው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ፖርታል የተማሪዋን ኢሜይል ከፊት ገጹ ላይ ሊያሳያት ይፈልጋል፣ ኢሜይሉ ያለው ሌላ ሰርቨር ላይ ነው። ፓስወርዷን ፖርታሉ ይያዝላት? አይሆንም። ኩኪዋን ያሳልፍላት? ሲኤኤስ ይህን ከሥሩ ዘጋው፤ ዋናውን ኩኪ ከራሱ በቀር ለማንም አያሳይም፣ ፖርታሉም አያየው፣ የካፌዋም ገጽ አታየው።

ፖርታሉ የሚደርሰው ቲኬት ነው፤ አንዴ የሚሠራ፣ ለእሱ ብቻ የተቆረጠ። ቲኬቱን ይዞ በጀርባ ወደ ሲኤኤስ ይመለሳል፣ «ይህ የማን ነው?» ይላል፤ «የእሷ ነው» ይባላል። በዚያው አፉ «ኋላ ስለ እሷ ሆኜ ሌላ ቦታ ልላክ እችላለሁ፤ አድራሻዬም ይኸው» ይላል። ሲኤኤስ ቃሉን አምኖ አይተወውም። ራሱ በተመሰጠረ መስመር ወደ ተባለው አድራሻ ሄዶ አንኳኩቶ የውክልና ማውጫውን እዚያው ያደርሳል። ለፖርታሉ ፊት ለፊት የሚሰጠው የትኛው ውክልና የማን እንደሆነ የሚያዛምድበትን ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው፤ ስሟንም የሠሩት ሰዎች በእንግሊዝኛው የዱቤ ወረቀት ስም ነው ያወጡላት። ፕሮግራመሮች ስም ሲያወጡ እንዲህ ናቸው።

ኢሜይሉን የሚያመጣበት ሰዓት ሲደርስ ፖርታሉ ማውጫውን አሳይቶ «ወደ ኢሜይል ሰርቨሩ የምሄድበት» ይላል፤ ለዚያ ሰርቨር ብቻ የሚሆን ቲኬት ይቆረጥለታል። ለደመወዝ አይሠራም። ኢሜይል ሰርቨሩ ቲኬቱን ተቀብሎ እሱም በተራው ሲኤኤስን ይጠይቃል፤ የሚመለስለት የእሷ ስም ብቻ ሳይሆን መልእክቱ በማን በኩል እንደመጣ ነው፤ መልእክተኛው ሌላ መልእክተኛ ልኮ ከሆነም ዝርዝሩ ከነተራው ይነገረዋል። ኢሜይል ሰርቨሩ «እሷን አውቃታለሁ፤ አንተን ግን አልቀበልም» ለማለት መብት አለው። ሁለተኛው ስም ተመለሰ። ቤርን ኋላ ኮዱን ትቶ ሕግ ተማረ፣ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲም የሕግ ፕሮፌሰር ሆነ። ለእኔ ብዙም አልገረመኝም።

ሲኤኤስ የዩኒቨርሲቲዎች ወዳጅ ሆኖ ኖረ። ሰፊው ዓለም ኦኦት የሚባለውን አሠራር ያዘ፤ ሁለተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ወጣ፤ ቲኬቱን በሚመስለው ቶከን ላይ ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚጻፍበት ነው። የኛ ሀገር አንባቢም ሳያውቀው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር ኢሲግኔት የሚባል የመግቢያ በር አለው፤ እሱም በኦኦት ላይ የቆመውን ኦፕንአይዲ ኮኔክትን ነው የሚከተለው። መስመሩ በደንብ ሲዘረጋ መታወቂያህን የሚጠይቅህ ድርጅት ቶከን ይደርሰዋል እንጂ የመግቢያው ኩኪ በእጁ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ደግሞ 8693 የተባለው የቶከን መለዋወጫ ሰነድ ወጣ። ሰነዱ ሁለት ነገሮችን በስማቸው ለይቶ ይጠራል፤ ሰውየውን መስሎ መግባትና ሰውየውን ወክሎ መግባት። በሁለተኛው ቶከኑ ውስጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት የተለየ ቦታ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ካለው 60 ዓመት ሊሞላው ነበር።

እኛም ፖርታሉን በመጨረሻ ወደ ውክልናው አሠራር አዞርነው፤ ስምንት ወር ፈጀብን። አብዛኛው ጊዜ የሄደው ኮድ በመጻፍ አይደለም። የእያንዳንዱን ሲስተም ባለቤት «ከፖርታሉ ምን ምን ትቀበላለህ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ኩኪ ሲያልፍ ማንም ይህን ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «ሁሉንም» አለኝ፤ ቆየት ብሎ ደወለና «ማስወጣትን አይደለም ደግሞ» አለ። አሁን የደመወዙ ሎግ ላይ በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ስም አለ፤ ስለ እገሌ፣ በፖርታሉ በኩል።

አንድ ነገር ግን አልዞረልንም፤ የሌሊቱ ሪፖርት። ሌሊት ብሮውዘር ከፍቶ የተቀመጠ ሰው የለም፣ ስለዚህ የሚወሰድ ኩኪም የለም። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው አንድ ዘዴ ዘይዶለታል። ፕሮግራሙ መግቢያውን ገጽ እንደ ሰው ይከፍተዋል፣ ስምና ፓስወርድ ይሞላል፣ የተሰጠውን ኩኪ ይዞ ከሲስተም ሲስተም እየዞረ ሪፖርቱን ይሰበስባል። የሚሞላው ስም በዚያን ጊዜ ሪፖርቱን ታዘጋጅ የነበረች ሠራተኛ ስም ነው። ልጅቷ ሥራዋን ለቃ ዱባይ ከሄደች ቆይታለች። የሰው ኃይል መምሪያ መግቢያዋ ይዘጋ ብሎ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈልን። አንዴ ዘጋነው። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሪፖርት የለም፤ ከሰዓት በኋላ መልሰን ከፈትነው።

ትናንት ሎጉን ሳይ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ገብታለች። 8 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ወጥታለች።